እረኛ ምን አለ? ስለ ልጆች ክትባት የሕዝብን አሳብ ስለ ማወቅ

በቀድሞ ዘመን የአገራችን ነገሥታትና መኳንንት የሕዝቡን ልብ ለማወቅ በፈለጉ ጊዜ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደ ነበር ከአባቶቻችን ስንሰማ ኖረናል። ይህንም ማድረጋቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። እረኛ ከከብቱ ኋላ ሁኖ የሚያዜመው ግጥም ገጣሚው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ሹም አይፈራም፤ ይሉኝታም አይዘውም። ስለዚህ በአደባባይና በግብር አዳራሽ የማይነገረው ቅሬታ በእረኛው አፍ ይወጣ ነበር።

ዛሬ መስኩ ሌላ ሁኗል። ሰው የልቡን የሚያወጣው በፌስቡክ፥ በቴሌግራም፥ በቲክቶክና እነዚህን በመሳሰሉት ማኅበራዊ መገናኛዎች ነው። በብዙ አገርም ያሉ የጤና ሹማምንትና ሊቃውንት፥ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ክትባት የሚያስቡትን ለማወቅ ወደነዚህ መገናኛዎች ጆሯቸውን ካዘነበሉ ዓመታት አልፈዋል። ነገሩ መልካም ነው። ነገር ግን አስቀድሞ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ይኸውም በዚያ የሚሰማው ድምፅ የሕዝብ አሳብ ነውን? ወይስ የጥቂት ተናጋሪዎች ጩኸት ነው?

የአባቶቻችንን ጥያቄ አስተውለን ብንመለከተው መልሱ በውስጡ ይገኛል። እነርሱ «እረኛ ምን አለ?» አሉ እንጂ «እንዲህ ያለው እረኛ ስንት ነው?» አላሉም። ማኅበራዊ መገናኛ ወላጆች የሚፈሩት ምን እንደ ሆነ ሊነግረን ይችላል፤ የሚፈሩት ስንት እንደ ሆኑ ግን በእርሱ ብቻ አናውቅም። እነዚህን ሁለት ነገሮች የሚያደባልቅ ሹም በሕፃናት ሕይወት ላይ የሚደርስ ስሕተት ይሠራል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ነገሩ ስለ ምን እንደሚያስጨንቅ እንናገር። ኩፍኝ ባልተከተቡ ሰዎች መካከል በገባ ጊዜ አንድ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ለሚደርሱ ሰዎች ሊያስተላልፈው ይችላል። ስለዚህም በሽታው እንዳይዛመት ለማድረግ ከመቶው ሰው 95 ያህሉ ሁለት ጊዜ መከተብ ያስፈልገዋል። እንግዲህ በአንድ ወረዳ ከመቶ ወላጅ ሦስቱ ቢያመነቱና ዐሥሩ ቢያመነቱ በወሬ ደረጃ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በሕፃናቱ ላይ ግን አንደኛው ደኅንነት፥ ሁለተኛው ወረርሽኝ ነው። ቍጥሩን በግምት የሚናገር ሰው ይህን ልዩነት ሊያይ አይችልም።

የሚያመነታውንም ወላጅ በንቀት ማየት አይገባም። «ክትባት» የሚለው ቃል የተገኘው «ከተበ» ከሚለው ነው፤ ከተበ ማለት በግዕዝ ጻፈ ማለት ነው። ባንገት የሚታሰረው «ክታብ» ከዚሁ ቃል ወጥቷል። ያገራችን ሰው ልጁን ከክፉ ነገር ለመጠበቅ ክታብ ያስርለት ነበር፤ ኋላም ክንዱን ያስከትበው ጀመር። የሁለቱ ጕልበት አንድ አይደለም፤ የወላጁ አሳብ ግን አንድ ነው። ዛሬም መርፌ ፈርቶ ልጁን ከቤት የሚያስቀር አባት ለልጁ እንደሚጠነቀቅ አምኖ ያደረገው ነውና፤ ፍርሃቱን ሰምቶ መመለስ እንጂ መስደብ አይጠቅምም።

አሁን ወደ ቍጥሩ ነገር እንመለስ። በፍርድ ቤት የምስክር ቃል ሲጽፍ የኖረ ሰው ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛው፥ ምስክር ይመዘናል እንጂ ተቈጥሮ ብቻ አይታለፍም፤ ዐሥር ሰው ካንድ ጐረቤት የሰማውን ቢደግም የሰማው ጐረቤት አንድ ነው። ሁለተኛው፥ ያልተጠራው ምስክር ቃሉ በመዝገብ ባይገኝም ያየው ነገር ስለዚህ ሐሰት አይሆንም። በማኅበራዊ መገናኛ የሕዝብን አሳብ ልቍጠር የሚል ሰው በነዚህ በሁለቱ ይሰናከላል።

የሕዝብን አሳብ በብዛት ብቻ የመለካት ስሕተት አዲስ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. በአሜሪካ ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባለው መጽሔት ፕሬዚዳንት የሚሆነው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ለማወቅ 10 ሚሊዮን ያህል የመጠየቂያ ወረቀት ላከ፤ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጠውም መልስ ሰጠ። መጽሔቱ በዚህ ብዛት ተማምኖ ላንደን ያሸንፋል ብሎ ጻፈ። ምርጫው በተደረገ ጊዜ ግን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። አድራሻዎቹ በብዛት የተለቀሙት ከስልክና ከአውቶሞቢል ባለቤቶች መዝገብ ስለ ነበረ፥ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና አውቶሞቢል ያልነበረው ድኻ አልተጠየቀም፤ ከተጠየቁትም መካከል የመለሱት ነገሩ ይበልጥ የቈረቈራቸው ነበሩ። በዚያው ጊዜ ጆርጅ ጋሎፕ እጅግ ያነሰ ሰው አስጠይቆ አሸናፊውን በትክክል ተናገረ።

ይህ ከሆነ 85 ዓመት ካለፈ በኋላ ያው ነገር በአዲስ መሣሪያ ተደገመ። በ2021 ዓ.ም. በአሜሪካ የኮቪድ ክትባት ሲሰጥ፥ በፌስቡክ በኩል በየሳምንቱ 250,000 ያህል ዐዋቂዎች ይጠየቁ ነበር። በዚያ ዓመት በሜይ ወር መጠይቁ የመጀመሪያውን ክትባት ወስደዋል ያለው ሰው በመዝገብ ከተገኘው እውነተኛ ቍጥር ከመቶ 17 እጅ በልጦ ተገኘ። ተጠንቅቀው የመረጡትን 1,000 ያህል ሰው ብቻ የጠየቁ ሌሎች መርማሪዎች ግን ለእውነቱ ቀረቡ። ይህን ያነጻጸረው ጥናት ኔቸር በተባለው መጽሔት በዚያው ዓመት ታትሟል። ምርመራው ስለ ዐዋቂዎች ክትባት ቢሆንም፥ ለልጆችም ክትባት የሚሆን ትምህርት አለው። ሚዛኑ ከተዛባ በላዩ የሚጫነውን እህል ማብዛት ሚዛኑን አያቀናውም።

የሚናገሩትስ እነማን ናቸው? በ2020 ዓ.ም. በዚሁ መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት፥ በ2019ኙ የኩፍኝ ወረርሽኝ ጊዜ በፌስቡክ ስለ ክትባት የሚነጋገሩትን ማኅበሮች መርምሮ ነበር። ክትባትን የሚቃወሙት 4.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በ317 ማኅበሮች፥ የሚደግፉት 6.9 ሚሊዮን ያህል ደግሞ በ124 ማኅበሮች ተገኙ። ወደ አንዱም ያላዘነበሉት ግን ከ74 ሚሊዮን ይበልጡ ነበር። የሚቃወሙት በሰው ቍጥር አንሰው ሳሉ በማኅበር ብዛት በልጠዋል፤ ከሚያመነቱትም ጋር ይበልጥ ተቀላቅለዋል። ስለዚህ ባንድ ትልቅ አዳራሽ ተሰብስቦ ዝም ካለ ሕዝብ ይልቅ፥ በየደጁ የሚዞሩ ጥቂቶች የበዙ ይመስላሉ።

ከዚህም የሚብስ አለ። በ2018 ዓ.ም. በአሜሪካ የሕዝብ ጤና መጽሔት የታተመ ጥናት፥ ከ2014 እስከ 2017 በትዊተር ስለ ክትባት የተጻፈውን በመረመረ ጊዜ፥ ከጸሐፊዎቹ አንዳንዶቹ ሰው ሳይሆኑ በኮምፒዩተር የሚሠሩ ስሞች ሆነው ተገኙ። ከሩስያ የተነሡ የሐሰት ስሞችም ባንድ በኩል ክትባትን ሲደግፉ በሌላ በኩል ሲቃወሙ ታዩ፤ የሚፈልጉት ጠቡን ማብዛት ነበርና። እንግዲህ ምስክሩ ልጅ የለውም፤ ሥጋና ደምም የለው እንደ ሆነ አይታወቅም። ይህን ቈጥሮ «የወላጆች አሳብ» ብሎ ለበላይ ማቅረብ እንዴት ይቻላል?

የቋንቋችንም ጠባይ ለዚህ ሥራ ሌላ ጥንቃቄ ይጨምርበታል። ብዙ መርማሪዎች በሚሊዮን የሚቈጠረውን ጽሑፍ ሰው አንብቦ ስለማይጨርሰው፥ ኮምፒዩተር ቃሉን እያየ «ይህ ምስጋና ነው፤ ይህ ነቀፌታ ነው» ብሎ እንዲለይ ያደርጋሉ። እኛ ግን ሰምና ወርቅ የምንወድ፥ ነቀፌታን በምስጋና ጠቅልለን የምንሰጥ ሕዝብ ነን። ለምሳሌ አንድ ሰው «ጐበዝ ሹም አለን፤ መድኃኒቱን ላከልን፥ ማቀዝቀዣውን ግን ረሳው» ብሎ ቢጽፍ፥ ኮምፒዩተሩ «ጐበዝ» የሚለውን አይቶ ከምስጋና ይደምረዋል። አንድ ሌላ መርማሪ ደግሞ ነቀፌታ መሆኑን ቢያውቅም «ይህ ሰው ክትባትን ይቃወማል» ብሎ ይጽፈው ይሆናል። ሁለቱም ስተዋል። ሰውየው ክትባቱን ይፈልጋል፤ የተማረረው በአገልግሎቱ ነው። የእምቢታና የእጦት መድኃኒታቸው የተለያየ ነውና፥ ይህን ሳይለዩ መቍጠር ራሱን የታመመውን ሰው ለእግሩ ማከም ነው።

ታዲያ ማኅበራዊ መገናኛ የማይረባ ነው ማለታችን ነውን? አይደለም። ለመቍጠር የማይመች ቢሆን ለመስማት ይመቻል። ወሬ በጊዜው ተሰምቶ በጊዜው ካልተመለሰ የሚያደርሰውን ጕዳት ሁለት አገሮች ያስተምሩናል።

አንደኛይቱ ናይጄርያ ናት። በ2003 ዓ.ም. በሰሜን ናይጄርያ በካኖ ግዛት፥ የልጅነት ልምሻ መከላከያው ክትባት ሴቶችን ያመክናል የሚል ወሬ ተነሥቶ ክትባቱ ከ10 ወር በላይ ቆመ። ወሬው ሥር የሌለው ቢሆንም የተተከለበት መሬት ነበረው፤ በ1996 ዓ.ም. በዚያው ከተማ በማጅራት ገትር በታመሙ ልጆች ላይ አንድ አዲስ መድኃኒት ተሞክሮ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበርና። ባለሥልጣኖች «ውሸት ነው» ብቻ ባሉ ጊዜ ሰዉ አልሰማም። ክትባቱ የተጀመረው የታመኑ የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች በምርመራው ገብተው፥ መድኃኒቱም ከኢንዶኔዥያ እንዲመጣ ከተደረገ በኋላ በ2004 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል ግን በሽታው ከሰሜን ናይጄርያ ተነሥቶ ብዙ አገሮችን አዳረሰ፤ በሱዳን በኩል አልፎ ለዓመታት ከዚህ በሽታ ነጻ ሁና የቈየችውን ኢትዮጵያንም ያዘ። በካኖ ያልተመለሰ ጥያቄ በኛ አገር የሕፃን እግር ሽባ አደረገ ማለት ነው።

ሁለተኛይቱ በሰላማዊ ውቅያኖስ ያለችው የሳሞአ ደሴት ናት፤ ሕዝቧ 200,000 ያህል ነው። በጁላይ 2018 ዓ.ም. ሁለት ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት በተወጉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞቱ። ኋላ እንደ ተረጋገጠው ክትባቱ አልገደላቸውም፤ ሁለት ነርሶች የክትባቱን ዱቄት በንጹሕ ውሃ በመበጥበጥ ፈንታ ጡንቻን በሚያሰንፍ መድኃኒት በጥብጠውት ነበር፤ ነርሶቹም በ2019 ዓ.ም. አምስት አምስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ነገር ግን መንግሥቱ የክትባቱን ሥራ ለብዙ ወራት አቆመ። በዚያ የዝምታ ጊዜ እናቶች «የገደለው መድኃኒቱ ነው ወይስ እጁ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ ፈጥኖ የመለሰላቸው ግን በፌስቡክ የሚመላለሰው የክትባት ተቃዋሚዎች ወሬ ሆነ። የተከተቡት ሕፃናት ከመቶ ወደ 31 እንደ ወረዱ የዓለም የጤና ድርጅት ገመተ።

ኩፍኝ በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ በገባ ጊዜ 5,700 ያህል ሰዎች ታመሙ፤ 83 ሰዎችም ሞቱ፤ የሚበዙትም ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። በዲሴምበር 5 እና 6 ቀን መንግሥቱ ሥራ ሁሉ እንዲቆም አዘዘ፤ ያልተከተበ ሰው ያለበት ቤት ቀይ ጨርቅ በደጁ እንዲሰቅል ተነገረ፤ ከታቢዎችም ቀዩን እያዩ ከቤት ወደ ቤት ዞሩ። ክትባቱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ወደ 95 ተጠጋ። የሳሞአ ሰው ክትባትን የሚጠላ ቢሆን ኖሮ ያን ቀይ ጨርቅ በደጁ ባልሰቀለ ነበር። የፈለገው እውነተኛ መልስና በደጁ የሚመጣለት ከታቢ ነበር። ያ ሁሉ ከሬሳ ሣጥኑ በፊት ሊደረግ ይቻል ነበር።

እንግዲህ በሥልጣን ላይ ያለ ሰው እንዴት ያድርግ?

አንደኛ፥ በማኅበራዊ መገናኛ የሚሰማውን እንደ ጥቆማ ይቀበለው እንጂ እንደ ፍርድ አይቀበለው። ጥቆማ ሲመጣ መርማሪ ይላካል፤ በጥቆማ ብቻ አይፈረድም። «በዚህ ወረዳ ክትባቱ ያመክናል የሚል ወሬ ተሰማ» ማለት መልካም ወሬ ጠባቂነት ነው። «በዚህ ወረዳ ከሕዝቡ እኩሌታው እንዲህ ያምናል» ማለት ግን ማስረጃ የሌለው ነገር ነው።

ሁለተኛ፥ ያልተናገረችውን እናት ይፈልጋት። ከአገራችን ሕዝብ የሚበዛው የገጠር ሰው ነው። በፌስቡክ ከሚጽፉት ወንዶች ይበዛሉ፤ ልጇን አዝላ ወደ ጤና ኬላ የምትሄደው ግን እናቲቱ ናት። የእርሷ አሳብ በስልክ አይገኝም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቡናው ላይ ተቀምጣ ስትጠይቃት ነው የሚገኘው። በቴሌግራምና በዋትስአፕ ዝግ ማኅበሮች የሚባለውም ለመርማሪ አይደርሰውም፤ ሰብሮ መግባትም አይገባውም። ለሁሉ ክፍት የነበረውም መንገድ እየጠበበ ሄዷል፤ መርማሪዎች የፌስቡክን ወሬ የሚከታተሉበት ክራውድታንግል የሚባለው መሣሪያ በኦገስት 2024 ዓ.ም. ተዘግቷል።

ሦስተኛ፥ ወሬውን ከመዝገቡ ጋራ ያስተያይ። የክትባት መዝገብ ብዙ ይናገራል። አንድ ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ወስዶ ሦስተኛውን ካልወሰደ፥ ወላጁ ክትባትን ቀድሞ እምቢ ያለ አይደለም፤ አንድ ጊዜ አምኖ መጥቷልና። ከዚያ በኋላ ያስቀረው መንገዱ ነው፥ ወይስ መከር ነው፥ ወይስ የሠራተኛዋ ቍጣ፥ ወይስ የመድኃኒቱ ማለቅ? ይህ ይጠየቅ። አንድም መርፌ ያልወሰደው ልጅ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከታቢ ያልደረሰበት ቀበሌ ወይም በእውነት የፈራ ቤት ይሆናል።

አራተኛ፥ ፈጥኖ እውነቱን ይመልስ። ስሕተት ተሠርቶ እንደ ሆነ የሠራውንና የተወሰደውን ርምጃ ይናገር። ሳይታወቅ የቀረ ነገር ቢኖርም «እየተመረመረ ነው፤ በዚህ ቀን እንነግራችኋለን» ብሎ በቀኑ ይናገር። ባዶ ቤት ውስጥ ወሬ ቶሎ ይገባል።

አምስተኛውና ዋነኛው፥ እረኛውን አይምታው። እረኛ በግጥሙ ምክንያት የተገረፈ እንደ ሆነ በማግስቱ ሹሙን የሚያመሰግን ግጥም ያዜማል፤ ሹሙም ደስ ይለዋል፤ የሕዝቡን ልብ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አያውቅም። ሐሰትን አውቆ የሚነግድበት ሰው በሕግ የሚጠየቅበት መንገድ ሌላ ነው። ልጇ ከመርፌ በኋላ አተኵሷት የፈራችውንና ፍርሃቷን የጻፈችውን እናት ግን ከዚያ ጋራ መቍጠር ግፍ ነው።

ይህ ጽሑፍ በቤተ ሰብ ገጽ የሚወጣ ነውና ለአባወራውና ለእመቤቲቱም አንድ ቃል እንጨምር። ከዘመድ ወይም ከወዳጅ በስልክ የሚያስፈራ ጽሑፍ ሲመጣ፥ ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? እርሱ ራሱ ያየው ነው ወይስ የሰማው? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ለምሳሌ የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ የተስፋፋው በ1998 ዓ.ም. ላንሴት በሚባለው መጽሔት በ12 ልጆች ብቻ ላይ ከተጻፈ ጽሑፍ ነው። መጽሔቱ በ2010 ዓ.ም. ጽሑፉን ሰረዘው፤ ዋናው ጸሐፊ አንድሩ ዌክፊልድም በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። በዴንማርክ 657,461 ልጆች ተመርምረው በ2019 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ክትባቱ ኦቲዝምን እንደማያመጣ አሳየ። የተሰረዘው ጽሑፍ ግን ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል፤ በመዝገብ የተሰረዘ ነገር ከሰው አፍ ቶሎ አይሰረዝምና።

ክትባት ከቶ ምንም አያደርግም ማለትም ትክክል አይደለም። ትንሽ ትኵሳትና የክንድ ማበጥ ብዙ ጊዜ ይኖራል፤ ከባድ ጕዳት ደግሞ አልፎ አልፎ ብቻ ይደርሳል። ይህን አስቀድሞ የነገሩት ወላጅ ልጁ ባተኰሰ ጊዜ አይደነግጥም፤ ያልነገሩት ግን ተታለልሁ ይላል። የላከልዎት ሰው አክስትዎ ወይም አማትዎ ቢሆኑ በሰው ፊት አያሳፍሯቸው፤ ለብቻቸው በአክብሮት እውነቱን ያስረዷቸው። ከዚያ የልጁን የክትባት ካርድ አውጥተው የቀረው መርፌ እንዳለ ይመልከቱ፤ ሠራተኛዎ ወይም የቤትዎ ጠባቂ ልጅ ያላቸው እንደ ሆነም የእነርሱን ካርድ ይጠይቁ። በሽታው ሲመጣ የጌታውን ቤትና የሎሌውን ቤት አይለይም።